ዝሆኔ፦ ጫማ በማጣት የሚመጣው የእግር በሽታ

 

በጁሙዓ ቀን በአንድ የደጋ ገጠር መስጂድ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የኮንጎ ጫማ አለ፣ በረባሶ አለ፣ ነጠላ ጫማ አለ፣ አልፎ አልፎም የቆዳ ጫማ ይታያል። ቁጥሩን ከሰጋጁ ቁጥር ጋር ብታስተያዩት ግን ጫማው የሚያንስበት ቦታ አለ። በባዶ እግሩ የመጣ አለና። ከእሱም ሌላ ጭራሹን ያልመጣ ሰው አለ። ቤቱ ከመስጂዱ ሩቅ አይደለም፤ አዛኑም ይሰማዋል። ነገር ግን እግሩ አብጧል፣ ከእግሩ የሚወጣው ፈሳሽ ይሸታል። አጠገቡ የሚቆመው ሰው ፊቱን እንዳያዞርበት ስለሚፈራ ቤቱ ይሰግዳል። በዚህ ወር የምናወራው ስለዚህ ሰው በሽታ ነው።

ስለ ጤና ሲነሳ አብዛኞቻችን ስለ ምግብ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ መድኃኒት ማውራት ይቀናናል። ሆኖም አንድ ሰው ምን ዓይነት በሽታ እንደሚይዘው የሚወስነው ጀርም ብቻ አይደለም። የት እንደ ተወለደ፣ ወላጆቹ ምን እንደ ነበራቸው፣ ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ውሃ ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጎረቤቱ በምን ዓይን እንደሚያየው ጭምር ይወስናል። ዝሆኔን የመረጥነው ይህን ነገር ከሌሎች በሽታዎች ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በተለምዶ «ዝሆኔ» የምንለው ስም ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል። አንደኛው ትንኝ ስትነክስ ወደ ሰውነት በሚገባ ትል የሚመጣ ሲሆን በአገራችን የሚገኘው እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ የምዕራብ አካባቢዎች ነው። ሁለተኛው በደጋና በወይና ደጋ የሚገኘው ነው። ይህኛው ትልም፣ ባክቴሪያም፣ ቫይረስም የለውም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ስሙ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። እኛ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ስሙን የሰጠውና መንስኤውን ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ እግራቸው ያበጠ ሕሙማንን መርምሮ በብሽሽታቸው ባሉ እጢዎች ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶችን አገኘ። ቅንጣቶቹ የመጡት ከአፈር ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ ዐለት የተሠራው፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ሙጫ እግር ላይ የሚለጠፈው ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው ቅንጣቶቹ በቆዳው በኩል ይገባሉ። ሰውነት በሕብረ ሕዋሳት መካከል የቀረውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልስባቸው ሊምፍ የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ቅንጣቶቹ እዚያ ይገቡና ቱቦዎቹ ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ይዘጋሉ። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል፤ እግሩም ያብጣል።

በሽታው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝና ቀይ የሸክላ አፈር ባለው መሬት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ መሬት ለም መሬት ነው። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ቡናውም፣ እንሰቱም የሚበቅልበት፣ ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ በተደረገ ቅኝት ላይ የተመሠረተው ግምት 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂ ኢትዮጵያውያን ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ያሳያል። ለበሽታው በሚመች ምድር ላይ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ በጊዜው 34.9 ሚሊዮን ተገምቷል። ወላይታ ውስጥ ቀደም ሲል በተደረገ ጥናት ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ታሞ ተገኝቷል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በምዕራብ ወለጋና በሌሎችም ደጋማ ቦታዎች በብዛት ይታያል።

«በዘራቸው አለ» የሚባለው ነገር

በገጠር አንዲት ልጅ ልትዳር ስትል ሽማግሌ ከሚያጣራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። «አያቷ እግረ እብጥ ነበሩ» ከተባለ ጋብቻው ሊፈርስ ይችላል። ሌላው ደግሞ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ሬሳ የተቀበረበትን ቦታ ረግጦ ነው፣ እባብ የሄደበትን መንገድ ተሻግሮ ነው ይላል። ከእነዚህ ሁሉ ለእውነት ቀረብ የሚለው የዘሩ ነገር ነው። የሚደርስበት መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ነው።

እውነቱ ይህ ነው። አንድ ቀይ አፈር ከሚረግጡ ብዙ ባዶ እግሮች መካከል የሚያብጠው የጥቂቶቹ ነው። የታማሚ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል የመያዝ ዕድል እንዳለው ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከወላይታ በተገኙ ሰዎች ላይ ያደረጉት የዘረ መል ጥናት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው መጽሔት ታትሟል። ጥናቱ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ከሚያውቅበት ሥርዓት ጋር የተያያዙ የዘረ መል ልዩነቶች በሕሙማኑ ላይ በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል። ስለዚህ በትውልድ የሚወረሰው ዝንባሌው እንጂ በሽታው አይደለም። ይህ ዝንባሌ ያለው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ አድርጎ ካደገ ዕድሜውን ሙሉ እግሩ ላያብጥ ይችላል።

ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። አባትና እናታቸው አንድ፣ ደማቸው አንድ፣ የተወለዱበት ቤት አንድ ነው። አንደኛው በልጅነቱ አጎቱ ከተማ ወስዶት ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጫማ ያደርጋል። ሌላው አባቱን ተክቶ ሞፈር ያዘ፤ ከበሬው ኋላ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው የገበሬው እግር አብጦ ቢገኝ ጥፋቱ የማን ነው ትላላችሁ? የዘሩ ነው እንዳንል ልብስ ሰፊውም ያው ዘር አለው። የአፈሩ ነው እንዳንል ልብስ ሰፊውም ለዒድ ወደ አገሩ ሲመጣ በዚያው አፈር ላይ ይሄዳል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ከጫማው በስተጀርባ ደግሞ ገንዘብ፣ ሥራና ትምህርት አለ።

ያለ መድኃኒት የጠፋበት አገር

ይህ በሽታ ቀድሞ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞሮኮ እንዲሁም በካናሪ ደሴቶች ይገኝ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ አገሮች ጠፍቷል። ያጠፋው ክትባት ወይም የመድኃኒት ዘመቻ አይደለም። አፈሩም አልተለወጠም። የሰዉ ኑሮ ተሻሻለ፣ ጫማ ማድረግ የተለመደ ሆነ፣ በሽታውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ሐኪሞች በብዙ ልፋት የማያገኙትን ውጤት ኑሮ በራሱ አመጣው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመውና በእንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ማይክል ማርሞት የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት የሰው ልጅ የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚሠራበትና የሚያረጅበት ሁኔታ ጤናውን እንደሚወስን በሰፊው አስረድቷል። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች «የመንስኤው መንስኤ» የሚሉት ነገር አላቸው። የዝሆኔ መንስኤ አፈር ነው። እግርን ከአፈሩ ጋር ያገናኘው ግን ድህነት ነው። ዓይን ማዝ ወይም ትራኮማም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ፊት የሚታጠቡበት ውሃ በሌለበት ቤት የልጆች ዓይን ላይ ዝንብ ይሰፍራል፣ ዓይንም ይጠፋል። የእናቶቻችን ሳልም እንዲሁ መስኮት ከሌለው ማዕድ ቤት ጭስ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ግን ለየብቻቸው ሌላ ጊዜ የምንመለስባቸው ናቸው።

ድህነት ያመጣው በሽታ ድህነትን ሲወልድ

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። ያበጠ እግር ያለው ሰው በየጊዜው አጣዳፊ ሕመም ይነሳበታል። እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ይጠዘጥዘዋል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። ለቀናት ከአልጋ አይነሳም። ይህ ሕመም ደግሞ ተራ ጠብቆ አይመጣም፤ በእርሻ ወቅት ሊሆን ይችላል፣ በአጨዳ ሰሞን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የወላይታ ጥናት ሕሙማን ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን በበሽታው ምክንያት እንደሚያጡ አሳይቷል። ለዚያ አንድ ዞን ብቻ ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሰልቷል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያጡት ጫማ መግዛት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው።

በአንድ ቤት ውስጥ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። አባት ተኛ። መሬቱ እንዳያድር ለእኩል ተሰጠ፤ ምርቱ በግማሽ ቀነሰ። በሬ ተሸጠ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ትምህርቱን ትቶ እርሻ ገባ፤ የገባውም በባዶ እግሩ ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ መታየት የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ስለሆነ፣ የአባቱን ዝንባሌ የወረሰው ይህ ልጅ ተራውን ይጠብቃል ማለት ነው። ከዚያ መንደርተኛው «አላልናችሁም? ዘራቸው ነው» ይላል።

በሴቶች ላይ የባሰ ይመስለኛል። ወንዱ እግሩ ቢያብጥም መሬት ካለው ሚስት አያጣም። ሴቷ ሳታገባ ካበጠች ትቀራለች፤ ካገባች በኋላ ካበጠች የምትፈታም አለች። ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ገበያ የምትወጣው በዚያው እግሯ ነው። በሽታው እየባሰ ሲሄድ ውሃ ለመቅዳት ያዳግታታል፤ ውሃ ሲያጥራት እግሯን ለመታጠብ አትችልም፤ ካልታጠበች ደግሞ ይብስባታል።

ጫማ እያለ ስለማይደረግ ጫማ

«ዛሬ ማን ጫማ የሌለው አለ? ኮንጎ እንኳ አያጣም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ በገጠር ፈጽሞ ጫማ የሌለው ሰው ከቀድሞው በጣም ቀንሷል። ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ያለው ቤተሰብ ጫማውን እንደ ክት ልብስ ይቆጥበዋል። ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጁሙዓና ለዒድ ይደረጋል። ለእርሻና ለቤት ግን ይወልቃል። ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «እንዳይበላሽ አውልቁት» ይባላሉ። አፈሩ ከእግር ጋር የሚውለው ግን በእነዚያ ሰዓታት ነው። ጭቃ ላይ ደግሞ ላስቲክ ጫማ ያዳልጣል፣ ሲያርሱበትም ይሰነጠቃል፤ ገበሬው የሚያወልቀው ስንፍና ይዞት አይደለም።

ከአገሩ ርቆ የሚቀራ ደረሳስ? አንዱ ሸኽ ዘንድ ኪታብ ጨርሶ ወደ ሌላው ሸኽ በእግሩ የሚጓዝ፣ ልብሱን እንጂ ጫማውን የሚጠይቀው የሌለ ልጅ ነው። ለደረሳ ሰደቃ ስታወጡ እህልና ልብስ ብቻ አትበሉ።

የሚሸፍን ጫማ ከነጠላ ጫማና ከበረባሶ ይመረጣል፤ ክፍት ጫማ ሶሉን እንጂ የእግርን ጎንና የጣቶቹን መሀል አይከልልም። ቢሆንም ከባዶ እግር ክፍቱም ይሻላል። ወለሉ አፈር የሆነ ቤት ውስጥም እግር አፈር እንደሚነካ አትርሱ። ሰሌን፣ ጅባ ወይም ያረጀ ምንጣፍ ማንጠፍ በተለይ ገና ለሚድሁና ለሚቆሙ ሕፃናት ይጠቅማል።

ውዱእና ያበጠ እግር

በቀን አምስት ጊዜ እግርን መታጠብ ለሚያውቅ ሰው የዚህ በሽታ ሕክምና እንግዳ አይሆንበትም። ዋናው ሕክምና መታጠብ ነውና። ሆኖም ልዩነቱን እንወቅ። ውዱእ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ያዳርሳል፤ የታማሚ እጥበት ግን እስከ ጉልበት ነው፤ በሳሙና ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። በተጨማሪም ታጥቦ በባዶ እግር ጭቃ እየረገጡ ወደ መስጂድ መሄድ የታጠበውን መልሶ ማቆሸሽ ነው። የጣቶች መሀል እርጥብ ሆኖ ከቀረም ፈንገስ ያበቅላል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በዚያም ጀርም ይገባል፤ አጣዳፊውን ሕመም የሚቀሰቅሰው አንዱ ነገር ይህ ነው። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ጣትን አንድ በአንድ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና በጥቅሉ እንዲህ ነው። እግር በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ ጥቂት በረኪና ወይም ሌላ ፀረ ጀርም በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ለደቂቃዎች ይዘፈዘፋል። የበረኪናው መጠን ከበዛ ቆዳ ስለሚያቃጥል በግምት አታድርጉት፤ የጤና ባለሙያው ለክቶ ያሳያችሁ። ከደረቀ በኋላ ቫዝሊን ይቀባል፤ በጣቶች መሀል ፈንገስ ካለ ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት ይታዘዛል። ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ባለሙያ ካዘዘ በፋሻ መጠቅለል፣ ከዚያም ካልሲና የሚሸፍን ጫማ ማድረግ ነው። በፋሻ የተጠቀለለ እግር ላይ ውዱእ እንዴት እንደሚደረግ የፊቅህ ጥያቄ ስለሆነ ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ «ውዱእ ስለማይመቸኝ» ብላችሁ ፋሻውን አትጣሉት።

ይህ ቀላል የሚመስል እንክብካቤ ይሠራል ወይ? በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። ከሕሙማኑ ገሚሱ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ ገሚሱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። በዓመቱ ውስጥ ቀድመው የጀመሩት አጣዳፊ ሕመም የተነሳባቸው ከሌሎቹ በአንድ አምስተኛ ያህል ባነሰ ጊዜ ነው። አንድ አምስተኛ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በእርሻ ወቅት ግን ጥቂት ቀን በእግር መቆም ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። በጣም ያበጠና ቆዳው የደነደነ እግር ወደ ጥንቱ እንደማይመለስ ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ሽታው ይጠፋል፣ ፈሳሹ ይደርቃል፣ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይራራቃል፤ ለዚህም በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ መታጠብ ያስፈልጋል። የእንክብካቤው ወጪ ሳሙና፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነው፤ ድሃን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ከመደበኛ ጫማ የማይገጥም እግር ላላቸው ደግሞ ልዩ ጫማ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወላይታ የተቋቋመው ሞሲ ፉት ማኅበር እንዲህ ያለውን ጫማ ከማሠራት አልፎ ሕሙማንን ጫማ መስፋት አሠልጥኗል።

ልጆቻችሁ ላይ የምታዩት ምልክት

በሽታው ቀደም ብሎ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላልና ምልክቱን እወቁ። ልጁ ወይም ልጅቷ የእግሯን ጀርባና የጣቶቿን ሥር ደጋግማ ታካለች። ማታ ማታ መርገጫዋንና ባቷን ያቃጥላታል። ጠዋት ያልነበረ እብጠት ማታ ይታያል፣ ሌሊቱን ተኝታ ስትነሳ ይጠፋል። የእግሯ ፊት ሰፋ ይላል፤ የጣቶቿ ቆዳ ይሻክራል። እብጠቱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከጉልበት በላይ እምብዛም አያልፍም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ አንዱ ከሌላው ሊብስ ቢችልም። ሥጋ ደዌ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ በሥጋ ደዌ እግር ይደነዝዛል፣ በዚህኛው ግን ስሜቱ አይጠፋም። ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ጫማ አይለያት።

ከታመመ ሰው ጋር በአንድ ሶፍ ብትቆሙ፣ በእሱ ማንቆርቆሪያ ውዱእ ብታደርጉ፣ በአንድ ትሪ ብትበሉ በሽታው አይተላለፍባችሁም። ኢማሞች ይህን አንድ ነገር ከጁሙዓ በኋላ በሁለት ደቂቃ ቢናገሩ፣ ቤቱ የሚሰግደው ሰው ወደ ጀማዓው ለመመለስ ድፍረት ያገኝ ይሆናል። ሽታው የሚመጣው ከጀርምና ከፈንገስ ስለሆነ በሳሙና ይለቃል። ስለዚህ ሰውየውን ከማራቅ ሳሙናና ባልዲ ይዞ ቤቱ መሄድ ይቀላል።

ለመጪው ዒድ ለልጆቻችሁ ወይም ገጠር ላሉ የዘመድ ልጆች ጫማ የምትገዙ ከሆነ የሚያብረቀርቀውን ትታችሁ ሸፈን ያለ፣ ጠንካራና አንድ ቁጥር ሰፋ ያለውን ምረጡ፤ ሁለት ካልሲም ጨምሩበት። ስትሰጧቸውም ከዒዱ ማግስት ሳጥን ውስጥ እንዳይገባ፣ ከብት ሲጠብቁም እንዲያደርጉት ለእናታቸው ንገሯት።